የጠረፍ ዘቦች፦ የስካንዲኔቪያ ስደተኞች በ1862ቱ የሚኒሶታ ጦርነት

እ.ኤ.አ. በ1862 ኦገስት ወር በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት ምዕራባዊ ጠረፍ የሰፈሩ የስዊድንና የኖርዌይ ገበሬዎች ማጭዳቸውን ጥለው ጠመንጃ አነሡ። አብዛኞቹ አገሩን ከረገጡ ገና ጥቂት ዓመታት ነበሩ። እንግሊዝኛ በቅጡ አይናገሩም፤ የወታደር ሥልጠናም አልነበራቸውም። በየሰፈሩ የጎበዝ አለቃ መርጠው፣ የየቤታቸውን መሣሪያና ስንቅ ይዘው የተሰለፉበት የበጎ ፈቃደኞች ኃይል ሚሊሻ ይባላል። የገጠሟቸው ደግሞ ከሁሉም በፊት በዚያ ምድር ይኖሩ የነበሩት የዳኮታ ሰዎች ናቸው። በመሬት እጦት የተሰደደ ሕዝብ መሬቱን ከተነጠቀ ሕዝብ ጋር የተጋጨበት ይህ ጦርነት ለስደተኞቹ የአዲሱን አገር ዜግነት በር ከፈተ፤ ዳኮታዎቹን ግን ከአገራቸው አስወጣ። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታትና ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከጭሰኝነት ወደ ሚኒሶታ

ኖርዌይ ተራራና ድንጋይ የበዛባት አገር ናት፤ ለእርሻ የሚሆነው መሬቷ ከጠቅላላ ስፋቷ 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የፈንጣጣ ክትባትና የድንች እርሻ በመስፋፋቱ የሕፃናት ሞት ቀነሰ፤ ሕዝቡም በፍጥነት በዛ። መሬቱ ግን ያው ነበር። ርስቱ አብዛኛውን ጊዜ ለበኩር ልጅ ስለሚተላለፍ የቀሩት ልጆች በሰው መሬት ጎጆ ቀልሰው፣ ለባለርስቱ ጉልበታቸውን እየገበሩ የሚኖሩ ጭሰኞች ይሆኑ ነበር። በስዊድንም ሁኔታው ተመሳሳይ ነበር። በዚያ ላይ ከመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ውጭ በግል ቤት ለጸሎት መሰብሰብን የሚከለክለው የስዊድን ሕግ እስከ 1858 ድረስ ጸንቶ ስለ ቆየ፣ ለእምነታቸው ሲሉ የተሰደዱም ነበሩ።

የመጀመሪያዎቹ 52 ኖርዌያውያን በ1825 «ሬስቶራሽን» በተባለች ትንሽ መርከብ ከስታቫንገር ወደብ ተነሥተው ኒውዮርክ ገቡ። ተከታዮቻቸው በኢሊኖይና በዊስኮንሲን ከሰፈሩ በኋላ ወደ ምዕራብ እየገፉ ሚኒሶታ ደረሱ። ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው የሚኒያፖሊስና የሴንት ፖል ከተሞች የሚገኙባት ይህች ግዛት የአሜሪካ ኅብረት አባል የሆነችው በ1858 ነው። በ1860ው ቆጠራ ነዋሪዋ 172 ሺህ ገደማ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ በኖርዌይ፣ በስዊድንና በዴንማርክ የተወለዱት ከ11 ሺህ በላይ ነበሩ።

ስደተኞቹን የሳባቸው መሬት ነው። አንድ ሰፋሪ 160 ኤከር፣ ማለትም ከአንድ ጋሻ ተኩል የሚበልጥ መሬት ቀድሞ ከያዘ፣ በኤከር 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ከፍሎ የራሱ ማድረግ ይችል ነበር። በሜይ 20 ቀን 1862 የወጣው የሆምስቴድ ሕግ ደግሞ ያንኑ ያህል መሬት አምስት ዓመት ላረሰ ሰው ያለ ዋጋ እንዲሰጥ ደነገገ። ዜግነት ገና ያላገኘ ስደተኛም ዜጋ ለመሆን ማሰቡን በሕግ ፊት ካስታወቀ የዕድሉ ተካፋይ ነበር። በትውልድ አገሩ የአንድ ማሳ ባለቤት የመሆን ተስፋ ላልነበረው ጭሰኛ ይህ ከሕልም የሚቆጠር ነበር።

መሬቱ የማን ነበር

ይህ ሁሉ መሬት ባዶ አልነበረም። ዳኮታዎች በ1851 በትራቨርስ ደ ሱና በሜንዶታ በተፈረሙ ሁለት ውሎች ከ20 ሚሊዮን ኤከር በላይ መሬት ለአሜሪካ መንግሥት ለቀቁ። ለራሳቸው የቀራቸው የሚኒሶታን ወንዝ ግራና ቀኝ ተከትሎ የተዘረጋ ጠባብ መሬት ነበር። በ1858 ደግሞ ከወንዙ በስተ ሰሜን ያለውን ግማሹን አጡ። በልዋጩ ቃል የተገባላቸው ዓመታዊ ክፍያ ሲሆን፣ ከገንዘቡ ብዙውን ነጋዴዎች «ዕዳ» እያሉ ከእጃቸው ሳይገባ ይወስዱት ነበር።

በ1861 አዝመራው በተባይ ተጠቃ። ተከትሎ በመጣው የብርድ ወራት ረሃብ ገባ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሳቢያ በ1862 የክፍያው ገንዘብ ዘገየ፤ በመንግሥት መጋዘን እህል እያለም ለተራቡት አልተሰጠም። ነጋዴዎቹም በዱቤ አንሰጥም አሉ። ኦገስት 17 ቀን አራት የዳኮታ ወጣቶች አክተን በተባለ ስፍራ አምስት ሰፋሪዎችን ገደሉ። በዚያው ሌሊት ጦርነት የፈለጉት ወገኖች ወደ አለቃ ታኦያቴዱታ ሄዱ። ሰፋሪዎች «ትንሹ ቁራ» ይሉት የነበረው ይህ አለቃ የነጮቹን ብዛት ያውቅ ስለነበር ጦርነቱን ቢቃወምም በመጨረሻ መሪነቱን ተቀበለ። በማግስቱ በዳኮታዎቹ ክልል የነበረው የመንግሥት መሥሪያ ቤትና የነጋዴዎቹ መደብሮች ተጠቁ።

ዳኮታዎች ሁሉ ግን ጦርነቱን አልደገፉም። ብዙዎች ምርኮኞችን በድንኳናቸው ደብቀው አተረፉ። ጆን አዘር ዴይ የተባለ የዳኮታ ሰው 62 ሰዎችን በሜዳው መርቶ ከሞት አድኗል።

የሚሊሻው አደረጃጀት

በዚያን ጊዜ የአሜሪካ የሚሊሻ ሥርዓት መሠረቱ በ1792 የወጣው ሕግ ነበር። ሕጉ ከ18 እስከ 45 ዓመት ዕድሜ ያለው ነጭ ወንድ ዜጋ ሁሉ በሚሊሻ እንዲመዘገብና መሣሪያውን ራሱ እንዲያቀርብ ያዝዝ ነበር። በአዲሶቹ የጠረፍ አውራጃዎች ግን ይህ ከወረቀት አልፎ አያውቅም ነበር። ምዝገባው የላላ ነበር፤ ሥልጠናም አይሰጥም።

ጥቃቱ በደረሰበት ጊዜ አቅም ካላቸው ወጣቶች ብዙዎቹ በሰፈሩ አልነበሩም። ፕሬዚዳንት ሊንከን በጁላይ ወር 300 ሺህ፣ በኦገስት መጀመሪያ ደግሞ ሌላ 300 ሺህ ሰው ለእርስ በርሱ ጦርነት ጠርተው ነበር። ስካንዲኔቪያውያንም ለጥሪው ተነሥተዋል። በኮሎኔል ሃንስ ክርስቲያን ሄግ የሚመራው 15ኛው የዊስኮንሲን ክፍለ ጦር ከሞላ ጎደል ኖርዌያውያን የተሰባሰቡበት ነበር። ከሚኒሶታም ስዊድናዊው ሃንስ ማትሰን የአገሩን ልጆች አስከትሎ በ3ኛው የሚኒሶታ ክፍለ ጦር ገብቷል። በጠረፉ የቀሩት በአመዛኙ ባለ ትዳሮች፣ ሽማግሌዎችና ልጆች ናቸው።

የጥቃቱ ወሬ ሲደርስ ሰፋሪው በአንድ ቤት ወይም በአንድ ቤተ ክርስቲያን ይሰበሰባል፤ የሚችለው ይመዘገባል፤ አለቃውን በድምፅ ይመርጣል። ከዚያ በኋላ ሥራው ይከፋፈላል። አንዱ ወገን ሌሊት ዘብ ይቆማል፣ አንዱ በፈረስ አካባቢውን ይቃኛል፣ ሌላው የሞቱትን ይቀብራል፣ የተቀረው በታጣቂ ታጅቦ አዝመራውን ይሰበስባል። መሣሪያው የአደን ጠመንጃ፣ መጥረቢያና ሜንጫ ነበር። ጥይት እየቀለጠ በየቤቱ የሚሠራ ሲሆን ባሩድም አይበቃም።

የአንድ ሰፈር ሰዎች ብዙ ጊዜ ከአንድ የኖርዌይ ሸለቆ ወይም ከአንድ የስዊድን ደብር የመጡ ዘመዳሞች ነበሩ። ስለዚህ ትእዛዙ በእናት ቋንቋቸው ይተላለፋል፤ እርስ በርስም ይተማመናሉ። በኒኮሌት አውራጃ የተቋቋመው ጓድ ስሙ ራሱ «የስካንዲኔቪያውያን ዘብ» ነበር። ችግሩ ከእነርሱ ሰፈር ውጭ ካሉት ጋር ነው፤ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ አዛዦች ጋር ለመግባባት አስተርጓሚ ያስፈልግ ነበር፤ ማስጠንቀቂያም ዘግይቶ ይደርሳቸዋል።

የጭንቁ ሳምንታት

የዚህ መዘግየት ጉዳት በዌስት ሌክ ታየ። ኦገስት 20 ቀን በዚያ የሰፈሩ ስዊድናውያን በአንድ ጎጆ ተሰብስበው በሉተራን ቄሳቸው በአንድሩ ጃክሰን መሪነት ጸሎት ላይ ነበሩ። አክተን ላይ ሰው ከተገደለ ሦስት ቀን ቢያልፍም ወሬው አልደረሳቸውም ነበር። ዳኮታዎቹ እንደ ጎረቤት ሆነው ሲመጡ ማንም አልጠረጠረም። በዚያ ቀን ከብሮበርግና ከሉንድቦርግ ቤተሰቦች 13 ሰዎች ተገደሉ። በኖርዌይ ሌክ አቅራቢያ የነበሩት ሰፋሪዎች ወሬውን ሲሰሙ በሐይቁ ውስጥ ወዳለች ደሴት ተሻግረው ተጠለሉ። ወንዶቹም መሣሪያ ያለው መሣሪያውን ይዞ ወጥተው የጎረቤቶቻቸውን አስከሬን ቀበሩ። የዚያ አካባቢ ሚሊሻ የመጀመሪያ ተልእኮ ይህ ቀብር ነበር።

በማግስቱ ኖርዌያዊቷ ጉሪ ኢንድሬሰን ባሏንና አንድ ልጇን በጥቃት አጣች። እርሷ ከትንሽ ልጇ ጋር በጓዳ ጉድጓድ ተደብቃ ተረፈች። ከዚያ ወጥታ ሁለት የቆሰሉ ጎረቤቶቿን ስታገኝ ቁስላቸውን አሰረች፤ በበሬ በሚጎተት ጋሪ ጭናም ፎረስት ሲቲ ወደተባለችው መንደር አደረሰቻቸው። ተማርከው የነበሩ ሁለት ልጆቿም አምልጠው ተገናኟት። የጠረፉ መከላከያ በታጠቁት ወንዶች ብቻ እንዳልቆመ የእርሷ ታሪክ ያስረዳል።

ፎረስት ሲቲ ከያለበት የሸሸው ሰው የተጠለለባት መንደር ነበረች። ጆርጅ ዊትኮምብ የተባለው የመንደሩ ሰው ወደ ሴንት ፖል ገስግሦ ከገዥው ከአሌክሳንደር ራምሲ 75 ጠመንጃ ተቀበለና የመንደሩን ዘብ በካፒቴንነት መራ። ነዋሪውና ስደተኛው በደቦ ግንድ ተሸክመው፣ ጫፉን አሹለው፣ ጎን ለጎን እየተከሉ የአጥር ምሽግ ሠሩ። ሴፕቴምበር 4 ቀን ሊነጋጋ ሲል ጥቃቱ መጣ። ከአጥሩ ውጭ የነበሩ ቤቶች ተቃጠሉ፣ ከብቶችም ተነዱ፤ ምሽጉ ግን አልተደፈረም። በዚያው ቀን የተጠቃችው የሃችንሰን ከተማም በተመሳሳይ ምሽግ ተረፈች።

በደቡብ በኩል፣ በጃክሰን አውራጃ በዲ ሞይን ወንዝ ዳር የሰፈሩ ኖርዌያውያን ኦገስት 24 ቀን ተጠቁ፤ የተረፉት ወደ አዮዋ ግዛት ሸሹ። የአዮዋ ምክር ቤትም በሴፕቴምበር ወር ከጠረፍ ሰፋሪዎች የተመለመለ «የሰሜን ድንበር ብርጌድ» የሚባል የበጎ ፈቃደኞች ኃይል አቋቋመ። ይህ ኃይል በድንበሩ መስመር ተከታታይ ምሽጎችን ሠርቶ ጠበቀ።

የጦርነቱን ውጤት የወሰነው ግን ሚሊሻው አልነበረም። በኮሎኔል ሄንሪ ሲብሊ የሚመራው ጦር ሴፕቴምበር 23 ቀን በዉድ ሌክ ድል አደረገ። የማትሰን ስካንዲኔቪያውያን ያሉበት 3ኛው የሚኒሶታ ክፍለ ጦር በዚያ ውጊያ ግንባር ቀደም ነበር። ውጊያው የተጀመረውም ከዚህ ክፍለ ጦር የወጡ ወታደሮች ድንች ሊቆፍሩ ሲሄዱ ካደፈጡት ዳኮታዎች ጋር በመጋጠማቸው ነው። ከሦስት ቀን በኋላ 269 ምርኮኞች ነፃ ወጡ። የሚሊሻው ድርሻ መንደሮችን ማቆየት፣ የሸሸውን ሕዝብ መጠለልና መደበኛው ጦር እስኪደርስ ጊዜ መግዛት ነበር።

ከድሉ በኋላ

በጦርነቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰፋሪዎች ሞቱ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተፈናቀሉ። በዳኮታዎች ላይ የደረሰው ቅጣት በውጊያው የተሳተፈውንና ያልተሳተፈውን አልለየም። አንዳንዱ ጥቂት ደቂቃ ብቻ በፈጀ የወታደራዊ ፍርድ ሂደት 303 ሰዎች ሞት ተፈረደባቸው። ሊንከን መዝገቡን መርምረው የብዙዎቹን ፍርድ ቢለውጡም ዲሴምበር 26 ቀን 1862 በማንኬቶ ከተማ 38 ዳኮታዎች በአንድ ጊዜ ተሰቀሉ። ይህም በአሜሪካ ታሪክ ትልቁ የጅምላ ስቅላት ነው። ወደ 1,600 የሚጠጉ፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና አረጋውያን በፎርት ስኔሊንግ ሥር በታጠረ ሰፈር ከረሙ፤ በበሽታም ከመቶ በላይ ሞቱ። በ1863 ውሎቹ ተሰርዘው ዳኮታዎች ከግዛቱ እንዲወጡ በሕግ ተወሰነ። በዚያው ዓመት ግዛቱ ዳኮታ ለገደለ ሰው ሽልማት እየከፈለ በጎ ፈቃደኛ ታጣቂዎችን አሰማራ። ታኦያቴዱታም በጁላይ ወር በሃችንሰን አቅራቢያ በአንድ ገበሬ ጥይት ወደቀ።

ሰፋሪዎቹ ቀስ በቀስ ወደ ተቃጠለው ጎጆአቸው ተመለሱ። ከ1865 በኋላ የሆምስቴድ ሕግን ተከትሎ ከስካንዲኔቪያ እጅግ ብዙ ሕዝብ ጎረፈ። ዘብ የቆመና የዘመተ ስደተኛ እንደ ባዕድ መታየቱ ቀረ። ማትሰን በ1869 የሚኒሶታ ዋና ጸሐፊ ሆኖ ተመረጠ። በልጅነቱ ከኖርዌይ የመጣውና በእርስ በርሱ ጦርነት የተዋጋው ክኑት ኔልሰን በ1893 የግዛቲቱ ገዥ ሆነ።

መሬት ፍለጋውም በዚያ አላበቃም። ከተባረሩት ዳኮታዎች ከፊሎቹ በሰሜን ዳኮታ ግዛት ስፒሪት ሌክ በተባለ ክልል ሰፍረው ነበር። ያ ክልል በ1904 ለውጭ ሰፋሪ ሲከፈት ከገቡት መካከል ብዙዎቹ ኖርዌያውያን ነበሩ። ሁለቱ ሕዝቦች እንደገና ጎረቤት ሆኑ።

የጦርነቱ መታሰቢያ ለረጅም ጊዜ የአንድ ወገን ነበር። በ1907 ግዛቱ በዊልማር አቅራቢያ በጉሪ ኢንድሬሰን መቃብር ላይ ሐውልት አቆመ፤ የዌስት ሌክ ጥቃት የደረሰበት ቦታም ሞንሰን ሌክ የሚባል የግዛቱ ፓርክ ሆነ። የተሰቀሉት ዳኮታዎች በማንኬቶ የዕርቅ መናፈሻ የተሠራላቸው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ራምሲ በ1862 ዳኮታዎች ይጥፉ ወይም ከግዛቱ ይባረሩ ብለው ያወጁትን ቃል ገዥው ማርክ ዴይተን በጦርነቱ 150ኛ ዓመት፣ ኦገስት 17 ቀን 2012፣ በይፋ አወገዙ፤ ዕለቱንም ለሁለቱም ወገን ሙታን የመታሰቢያ ቀን አደረጉት።