የመጀመሪያው ክሬዲት ካርድና የብድር ታሪክ በአሜሪካ

ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ ሄዶ ኑሮ የሚጀምር ሰው ሥራ ካገኘና ደመወዙን በባንክ መቀበል ከጀመረ በኋላ ያልጠበቀው ጥያቄ ይገጥመዋል። ቤት ለመከራየት ወይም መኪና በብድር ለመግዛት ሲያመለክት የብድር ታሪኩ ይጠየቃል። በአገሩ ዕዳ የሌለበት በመሆኑ የሚከበር ሰው፣ በዚያ ግን ተበድሮ ስለመመለሱ የሚያስረዳ መዝገብ ባለመኖሩ ብቻ ማመልከቻው ውድቅ ሊሆን ይችላል።

ለመሆኑ የብድር ታሪክ ምንድን ነው? በአሜሪካ ኤኩዊፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን የተባሉ ሦስት ኩባንያዎች ግለሰቦች የተበደሩትንና የከፈሉትን ይመዘግባሉ። ከመዝገቡ በመነሳት ከሚሰሉት ነጥቦች በስፋት የሚሠራበት «ፋይኮ» የተባለው ሲሆን፣ ከ300 እስከ 850 ይደርሳል። ከዚህ ውስጥ 35 በመቶው ዕዳን በወቅቱ ከመክፈል፣ 30 በመቶው ደግሞ ካለው የዕዳ መጠን ጋር የተያያዘ ነው። ነጥቡ እንዲወጣ ቢያንስ ስድስት ወር የሞላው የብድር ሒሳብ መኖር ይገባዋል።

ለዓመታት ዕቁብ ሳያጓድል የጣለ ሰው ታማኝነት በእነዚህ መዛግብት ውስጥ አይገኝም። በአገር ቤት ባንክ ያፈራው መልካም ስምም በአብዛኛው አብሮት አይሻገርም። በመሆኑም ጀማሪው መዝገቡን ከባዶ መገንባት ይጠበቅበታል።

ለዚህ አመቺ ከሆኑት መንገዶች አንዱ በመያዣ የሚሰጥ ክሬዲት ካርድ ነው። አመልካቹ ለምሳሌ 300 ዶላር ለባንኩ ያስይዛል፤ የብድር ጣሪያውም በአብዛኛው ያንኑ ያህል ይሆናል። የተያዘው ገንዘብ ግን ባለካርዱ ዕዳውን ሳይከፍል ቢቀር ባንኩ የሚወስደው ዋስትና እንጂ ዕቃ የሚገዛበት ሒሳብ አይደለም። በካርዱ የተገዛው ሁሉ በየወሩ ከሌላ ገንዘብ መከፈል ይኖርበታል። ዕዳው ተከፍሎ ካርዱ ሲዘጋ ወይም ወደ መደበኛ ካርድ ሲቀየር መያዣው ይመለሳል።

አመልካቹ ከመፈረሙ በፊት ባንኩ ክፍያውን ለሦስቱም መዝጋቢ ኩባንያዎች የሚያሳውቅ መሆኑን፣ እንዲሁም ዓመታዊ ክፍያ መኖር አለመኖሩን መጠየቅ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው የክሬዲት ካርድ ሕግ መሠረት ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች የሆነ አመልካች የራሱ ገቢ እንዳለው ማስረዳት ወይም አብሮት የሚፈርም ሰው ማቅረብ አለበት።

ብዙ ጀማሪዎችን ለችግር የሚዳርገው ክሬዲት ካርድን ከኤቲኤም ካርድ ጋር ማመሳሰል ነው። የኤቲኤም ካርድ ባለቤቱ በባንክ ያስቀመጠውን ገንዘብ ያወጣል፤ ክሬዲት ካርድ ግን በእያንዳንዱ ግዢ ብድር ይሰጣል። የወሩ ሒሳብ መግለጫ ከተላከ በኋላ መክፈያው ቀን ቢያንስ 21 ቀናት ይርቃል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሙሉ ዕዳውን በየወሩ የሚከፍል ሰው ለገዛው ዕቃ ወለድ አይጠየቅም።

በመግለጫው ላይ የሚጻፈው ዝቅተኛ ክፍያ ግን አታላይ ነው። ዝቅተኛውን ብቻ የሚከፍል ሰው ከቅጣት ይድናል፤ ከወለድ ግን አይድንም። በዓመት 24 በመቶ በሚታሰብ ወለድ የ1,000 ዶላር ዕዳ በወር 20 ዶላር ገደማ ይወልዳል። በክሬዲት ካርድ ጥሬ ገንዘብ ማውጣት ደግሞ ተጨማሪ ክፍያ ያለው ከመሆኑም በላይ ወለዱ ከዕለቱ ጀምሮ ይቆጠራል። በካርዱ ወደ አገር ቤት ገንዘብ መላክንም ብዙ ባንኮች እንደ ጥሬ ገንዘብ ብድር ያዩታል።

የብድር ጣሪያውን ተጠግቶ መጠቀምም ነጥብ ይቀንሳል። ጣሪያው 300 ዶላር ለሆነ ካርድ ዕዳውን ከ90 ዶላር በታች ማድረግ የተለመደ ምክር ነው። ክፍያው 30 ቀንና ከዚያ በላይ ከዘገየ በመዝገቡ ላይ ሊሰፍርና እስከ ሰባት ዓመት ሊቆይ ይችላል።

ሌላው ጥንቃቄ ዘመድ ወዳጅን ይመለከታል። ካርድን ለሌላ ሰው መስጠት እንደ ውለታ ቢታይም፣ ሳይከፈል ሲቀር የሚጠየቀውም መዝገቡ የሚበላሸውም ስሙ በውሉ ላይ የሰፈረው ባለካርድ ነው።

ጀማሪው በካርዱ በየወሩ አንድ አነስተኛ ወጪ፣ ለምሳሌ የስልክ ሒሳብ፣ ብቻ ከፍሎ ዕዳውን በቀኑ ሙሉ በሙሉ ቢዘጋ መዝገቡን ለመገንባት በቂ ነው። የፌዴራል ሕጉ ማንኛውም ሰው ከሦስቱም ኩባንያዎች መዝገቡን በነፃ የማየት መብት ስለሚሰጠው፣ የተሳሳተ ነገር ሰፍሮ ቢገኝ እንዲታረም በጽሑፍ ማመልከት ይቻላል።