እውነት ወይስ ተረት? የአንኮበሩ «የነፍስ አእምሮ» ክርክር

ተረት፦ በሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የአንኮበር ካህናት «ሕፃን በማኅፀን ሳለ አእምሮ አለው ወይስ የለውም?» እያሉ ስለ ጭንቅላት ይጨቃጨቁ ነበር።

እውነት፦ ክርክሩስ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1839 እስከ 1842 ሸዋ የተቀመጠው ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ክራፕፍም፣ በ1841 የእንግሊዝን መልእክት ይዞ የመጣው ካፒቴን ሃሪስም መዝግበውታል። የጠፋው የቃሉ ፍቺ ነው። ዛሬ አእምሮ ስንል ማሰቢያው ይታየናል፤ በግእዝ ግን «አእመረ» ዐወቀ ነው፣ አእምሮም ዕውቀት። ስለዚህ ጥያቄው ነፍስ መምህር ሳያስተምራት፣ ዐይን ሳያይላት፣ ጆሮ ሳይሰማላት በማኅፀን ሳለች ታውቃለች ወይ የሚል ነበር። ታውቃለች ያሉት፣ ሃሪስ እንደጻፈው፣ እዚያው ሳለች ትጾማለች፣ ታመልካለችም ይሉ ነበር። ፈላስፎች ያለ አማካይ በቀጥታ የሚገኝ ዕውቀት ከሚሉት ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው።

ተረት፦ ታዲያ «በደመ ነፍስ ዐወቅሁት» የምንለው ነዋ!

እውነት፦ ጭራሽ። ደመ ነፍስ እንስሳም አለው፤ ጥጃ ተወልዶ ጡት ሲፈልግ ዐዋቂ የሚለው የለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሰው ነፍስ ልባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ናት። ካህናቱ የተከራከሩት ስለዚህችው ነፍስ ነው።

ተረት፦ የሦስት ልደት ክርክር ሌላ ስሙ ነው።

እውነት፦ አይደለም። ሦስት ልደት ስለ ክርስቶስ ነው፤ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተወገዘ። ሁለቱ የተደባለቁት በአንድ ዘመን ሸዋን ስላወኩ ነው።

ተረት፦ (ይኼኛው እንኳ የተማሩ ሰዎች ተረት ነው) ካህናቱ የፕላቶን ትምህርት ነበር የሚደግሙት።

እውነት፦ ለፕላቶ ነፍስ የምታውቀው ከሥጋ በፊት ስለኖረች ነው፤ መማርም ማስታወስ ነው። የአንኮበሩ ጥያቄ ከማኅፀን ወዲያ አይሻገርም። ዘመድ ከተፈለገለት ዴካርት ይቀርበዋል። እሱ እ.ኤ.አ. በ1641 በጻፈው ደብዳቤ ሕፃን በእናቱ ማኅፀን ሳለ የእግዚአብሔርና የራሱ ሐሳብ በነፍሱ ውስጥ አለ፣ ልብ አይለውም እንጂ፣ ብሎ ነበር። ጆን ሎክ ደግሞ በማኅፀን ያለ ፅንስ ከዕፅዋት ኑሮ ብዙም አይለይም ሲል ተቃራኒውን ጻፈ። የአንኮበር ካህናት ዴካርትን አንብበዋል ለማለት ግን አንዳች ማስረጃ የለም፤ ጥያቄው የራሳቸው ነበር።