ደባል ከመግባቱ በፊት

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው በሚገኙ የሐበሻ ምግብ ቤቶችና መደብሮች መግቢያ ላይ ካለው የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ በመኪና ሽያጩና በሙት ዓመት ጥሪው መካከል፣ አንድ ዓይነት ወረቀት ጠፍቶ አያውቅም። «ለአንዲት ሴት የሚሆን ክፍል ይከራያል። ለባስና ለሜትሮ ቅርብ ነው። መብራትና ውሃ ከኪራዩ ጋር» ይላል። ከግርጌው ስልክ ቁጥሩ ተደጋግሞ ተጽፎ፣ በመቀስ እየተሰነጠቀ ይንጠለጠላል። ሁለት ሦስቱ ተቀድደው ሄደዋል። የቀደዱት እነማን እንደሆኑ ባለቤቲቱ አታውቅም። ስልኩ ሲደወል ምን እንደምትጠይቅም ብዙ ጊዜ አላሰበችበትም፤ «ሐበሻ ነሽ?» ካለች በኋላ ቀሪው «መቼ ትገቢያለሽ?» ብቻ ይሆናል።

ደባልነት ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ነገር አይደለም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገ በኋላ፣ ግለሰብ ቤቱን ማከራየት ተከለከለ፤ ወርሃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩትም ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ለትምህርት ከክፍለ ሀገር የመጣ ልጅ፣ ጎጆ የወጡ አዲስ ተጋቢዎች፣ ከሥራ የተፈናቀለ ዘመድ፣ መጠጊያቸው የሌላ ሰው ቤት ሆነ። ለዚህ ኑሮ ውል የሚባል ነገር አልነበረውም። መሠረቱ ዝምድናና ይሉኝታ ነበር። ልማዱ ከስደተኛው ሻንጣ ጋር ባሕር ተሻገረ።

እ.ኤ.አ. የ1980ው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ፣ ኋላም ከ1995 ጀምሮ የዲቪ ዕጣ፣ ብዙ ወገኖችን ወደዚህ አገር አመጡ። የቀደሙት በአዳምስ ሞርጋን አካባቢ አንዱን አፓርትማ ለአራት ለአምስት እየተካፈሉ ኖረዋል። ዛሬ ከእነርሱ መካከል በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ ቤት የገዙ ብዙ ናቸው፤ ሞርጌጁ ደግሞ በየወሩ ይመጣል። ስለዚህ ቤዝመንቱን ወይም የላይኛውን ክፍል ማከራየት ለአንዱ የባንክ ዕዳ መደጎሚያ፣ ትናንት ከአውሮፕላን ለወረደው ደግሞ የመጀመሪያ እግር መትከያ ነው። ነገሩ ሲበላሽ አንዱ የሦስት ወር ኪራይ ያጣል፣ ሌላው በክረምት ሻንጣውን ይዞ ይወጣል፤ ያገናኛቸው የጋራ ወዳጅም በሰርግና በልቅሶ ሁለቱን በአንድ ጠረጴዛ ማስቀመጥ ይቸግረዋል።

የብልሽቱ አጀማመር ከቤት ቤት ብዙም አይለያይም። አንድ የቤተ ክርስቲያን ወይም የእድር ወዳጅ ይደውላል። «የአክስቴ ልጅ መጥታለች፣ ጨዋ ልጅ ናት፣ ለጊዜው አንቺ ጋ ትሁን» ይላል። «ለጊዜው» ስንት ቀን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ልጅቷ ሻንጣዋን ይዛ ትመጣለች። «እትዬ፣ ኪራዩ ስንት ነው?» ብትል «ኧረ መጀመሪያ ዕረፊ፣ እሱ ይደረስበታል» ትባላለች። ሁለቱም በዚህ መልስ ደስ ይላቸዋል። በሦስተኛው ወር ግን ባለቤቲቱ የመብራት ሒሳቡን ስታይ ትተክዛለች፤ ልጅቷም ሳሎን ስትቀመጥ የሚለወጥ ፊት እያየች ክፍሏ ውስጥ መደበቅ ትጀምራለች። እንግዳ ፊት ወርቅ፣ ኋላ ብር፣ ኋላ ጨርቅ የሚባለው ለዚህ ነው። ልጅቷ ጨዋ አይደለችም ማለት አይደለም፤ እትዬም ክፉ አይደሉም። ያልተነገረ ነገር በመካከላቸው አድሮ ነው።

ስለዚህ ደባል የሚፈልግ ሰው የመጀመሪያ ሥራው ሰውየውን መመርመር ሳይሆን የራሱን ቤት መመርመር ነው። እርሱ ራሱ የማይችለው ምንድን ነው? ጧት ማንም እንዲያናግረው አይፈልግም? ልጆቹ ከትምህርት ቤት መጥተው ሲሯሯጡ ዝም ማሰኘት አይሆንለትም? ሲጋራ ይጠላል? ባለቤቱ ዘመዶቿ እሑድ እሑድ ይመጣሉ? ይህን ሳያውቅ የሚመርጥ ሰው የሚመርጠው መልክና አነጋገር ብቻ ነው።

ከሁሉ በፊት የሥራ ሰዓት ይጠየቅ። በዚህ አካባቢ ከሚኖረው ሐበሻ አንዱ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራል፤ ሌላዋ በአረጋውያን መጦሪያ ሌሊቱን ታድራለች፤ ሦስተኛው ታክሲ ወይም ኡበር ይነዳል። ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ ሰው ትንንሽ ልጆች ካሉበት ቤት ቢገባ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለቱም ወገን ይታመማል። ያው ሰው ቀን ቀን ባዶ በሚውል ቤት ቢገባ ግን ከእርሱ የተሻለ ደባል አይገኝም፤ ባለቤቱ ሲመጣ እርሱ ይወጣል። ሰዓቱ ሲነገርም በሐበሻ ይሁን በፈረንጅ ይለይ። «ማታ ሁለት ሰዓት እመለሳለሁ» ያለውን ሰው እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት በር ሳይቆልፉ የጠበቁ አሉ።

ቀጥሎ ወጥ ቤት ነው። የፈረንጅ የኪራይ መጻሕፍት ስለ ወጥ ቤት ሁለት መስመር ጽፈው ያልፋሉ፤ የሐበሻ ቤት ጠብ ግማሹ ግን እዚያ ነው የሚነሳው። ሽንኩርት የሚቁላላው በየትኛው ሰዓት ነው? በርበሬና ቅቤ የት ይቀመጣል? በጾም ወራት ፍስክ የነካውን ድስት የማይነካ ሰው ካለ ድስቶቹ ይለዩ፤ ሙስሊምና ክርስቲያን አብረው የሚኖሩ ከሆነም የሥጋው ጉዳይ በመጀመሪያው ቀን በግልጽ ይነገር። ይህን መጠየቅ ሰውን በሃይማኖቱ መለየት አይደለም፤ ማክበር ነው። የማቀዝቀዣው መደርደሪያ ይከፈል። እንጀራ ማን እንደሚገዛም ይታወቅ፤ ገበታ አንድ ይሁን ወይስ ለየብቻ የሚለው ጥያቄ ከኪራዩ ዋጋ ያልተናነሰ ክብደት አለው። አብሮ የመብላት ግብዣ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ደባሉ ሁልጊዜ እየበላ አስቤዛ የማይገዛ ከሆነ፣ ወይም ባለቤቲቱ ሁልጊዜ እርሱ እንዲሠራ የምትጠብቅ ከሆነ፣ የማዕዱ ፍቅር ረጅም ዕድሜ አይኖረውም።

በ1990ዎቹ ደባልን ከባለቤት የሚያጣላው ዋናው ነገር የስልክ ሒሳብ ነበር። ወደ አዲስ አበባ የተደወለው ደቂቃ በወሩ መጨረሻ ተዘርዝሮ ሲመጣ «ይህን እኔ አልደወልኩም» የሚል ክርክር ይነሳ ነበር። ያ ጠብ ከነስልኩ ጠፍቷል። በቦታው የመኪና ማቆሚያ፣ የልብስ ማጠቢያ ቀንና የእንግዳ ጉዳይ ተተክተዋል። በተለይ እንግዳ! ከአገር ቤት የመጣች እናት ለልጇ «ሳምንት ነኝ» ብላ ስድስት ወር ብትቆይ ማን ምን ይላታል? አስቀድሞ የተነገረ ቢሆን ግን ስንት ሌሊት እንደሚፈቀድና ከዚያ በላይ ሲሆን ኪራዩ እንዴት እንደሚሆን ሁሉም ያውቀዋል።

የገንዘቡ ጥያቄ ለብዙዎች አስቸጋሪው ነው። አሜሪካዊ አከራይ የደመወዝ ወረቀትና የክሬዲት ታሪክ ይጠይቃል፤ የክሬዲት ሪፖርት ለማየት የተከራዩ ፈቃድ በጽሑፍ መውሰዱ ይበጃል። አዲስ የመጣ ሰው፣ በተለይ የጥገኝነት ጥያቄ አቅርቦ የሥራ ፈቃዱን የሚጠብቅ ወገን፣ ከሁለቱ አንዱም የለውም። እንዲህ ያለውን ሰው በዚህ ምክንያት ብቻ ከበር መመለስ ጭካኔ ነው፤ ሳይጠይቁ ማስገባትም ሞኝነት ነው። እዚህ ላይ የአገር ቤቱ ልማድ ይረዳል፤ ዋስ ይጠራ። ዋስ ማለት «ጨዋ ልጅ ናት» ብሎ ስልኩን የሚዘጋ ሰው ሳይሆን፣ «ሥራ እስክታገኝ የሁለት ወሩን እኔ እከፍላለሁ» ብሎ ስሙን የሚጽፍ ሰው ነው። ብዙ ምስክሮች በዚህች ጥያቄ ላይ ድምፃቸው ይቀንሳል። ከዚህ በፊት አብሯት የኖረ ሰውም ይጠየቅ፤ «እንዴት ናት?» ተብሎ ሳይሆን «ነገ ብትመጣ መልሰህ ታስገባታለህ?» ተብሎ። ሰውን ማመን ቀብሮ ነው የሚለው አባባል ከሚገባው በላይ የመረረ ቢሆንም፣ አንድ ስልክ ደውሎ መጠየቅን ግን አይከለክልም።

ከማስታወቂያው ቃላት ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ሐበሻ ብቻ»፣ «ክርስቲያን ለሆነች» የሚሉ ወረቀቶች በየሰሌዳው ይታያሉ። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የፌዴራል የመኖሪያ ቤት ሕግ ባለቤቱ ራሱ ለሚኖርበት ትንሽ ቤት በምርጫው ረገድ ሰፊ ነፃነት ይተውለታል። በማስታወቂያ ላይ ዘርን፣ ሃይማኖትን ወይም የትውልድ አገርን መጻፍ ግን ለእርሱም ቢሆን ክልክል ነው። ወጥ ቤትና መታጠቢያ የሚጋሩ ከሆነ «ለሴት» ማለት በተለምዶ አያስጠይቅም።

ከሕጉ ይልቅ የሚያሳዝነው ግን በወረቀት የማይጻፈው ጥያቄ ነው። «የየት አገር ሰው ነሽ?» ይባላል፤ ሲድኒ ወይም ሮም ተብሎ እንዲመለስ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 በሰሜን ኢትዮጵያ በተካሄደው ጦርነት ጊዜ ይህች ጥያቄ በስደት አገርም ከበፊቱ የበለጠ ስለት አወጣች። የአባት ስም ተሰምቶ ክፍሉ «ተይዟል» የሚባልበት ሁኔታ ነበር። የአንድ ሰው የትውልድ ቀበሌ ኪራዩን በሰዓቱ እንደሚከፍልና ሳህኑን አጥቦ እንደሚያስቀምጥ አይናገርም። በቤት ውስጥ ፖለቲካ እንዳይነሳ መስማማት ይቻላል፤ ይህም ለሁሉም እኩል የሚሠራ ደንብ ይሁን።

ከተስማሙ በኋላ ይጻፍ። አንዲት ገጽ በአማርኛ ብትሆንም ትበቃለች፤ በእንግሊዝኛ መልኳ ደግሞ ፍርድ ቤት ቢደረስ ትጠቅማለች። ኪራዩ ስንት ነው፣ በስንተኛው ቀን ይከፈላል፣ ዲፖዚቱ ስንት ነው፣ መልቀቅ የሚፈልግ ወገን ከስንት ቀን በፊት ያስታውቃል። በዲሲ ዲፖዚት ከአንድ ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም፤ በሜሪላንድም ከጥቅምት 1 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ለሚፈረም ውል እንዲሁ አንድ ወር ሆኗል፤ በቨርጂኒያ እስከ ሁለት ወር ይፈቀዳል። በሦስቱም ቦታ ተከራዩ ከለቀቀ በ45 ቀን ውስጥ ተመላሽ ይሆናል፤ የሚቀነስ ካለም ምክንያቱ ተዘርዝሮ ይሰጣል። ለእያንዳንዱ ክፍያ ደረሰኝ ይሰጥ፤ ለአክስት ልጅም ቢሆን። ክፍሉን የሚያከራየውም ገቢውን ለታክስ ያስታውቅ፤ ከሞርጌጅ ወለድና ከመብራት ውሃው የክፍሉን ድርሻ ለመቀነስ የሚችለው ያን ጊዜ ነው።

አንድ ነገር ግን በንዴት ሰዓት ይረሳል። ተከራይን ቁልፍ ቀይሮ ወይም ሻንጣውን ደጅ አውጥቶ ማስወጣት በዲሲም በሜሪላንድም ሕገ ወጥ ነው፤ ማስወጣት የሚቻለው በፍርድ ቤት በኩል ብቻ ነው፤ እርሱም ወራት ይፈጃል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ያሉት አባቶች እዚህ ቢኖሩ በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት ተቀምጠው ይነጋገሩ ነበር።

ቤዝመንት የሚያከራይ ሰው ክፍሉን በደባሉ ዓይን ይየው። በብዙ ግዛቶች የሚሠራበት የግንባታ ደንብ፣ ሰው የሚተኛበት የምድር ቤት ክፍል በእሳት ጊዜ ሰው የሚወጣበት መስኮት እንዲኖረው ያዝዛል፤ የመስኮቱ መክፈቻ ታችኛው ጠርዝም ከወለሉ ከ44 ኢንች በላይ እንዳይሆን። የጭስና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ይተከል። ማስጠንቀቂያው ዕጣን ሲጨስ ይጮኻል ብሎ ባትሪውን ማውጣት የሐበሻ ቤት የታወቀ ጥፋት ነው። ቡና ለማፍላት በተዘጋ ቤዝመንት ከሰል ማቀጣጠል ደግሞ ከጥፋትም በላይ ነው፤ ሽታ የሌለው ጋዝ ተኝቶ ያለን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ምድጃው የኤሌክትሪክ ይሁን።

ደባል የሚሆነውም ወገን አፍ አለው፤ ይጠይቅ። ቤቱ የአከራዩ ነው ወይስ እርሱም ተከራይ ነው? ተከራይ ከሆነ ሊዙ ሰው ማስገባት ይፈቅድለታል? ካልፈቀደ ሁለቱም በአንድ ቀን ሊወጡ ይችላሉ። የክፍሉ በር ከውስጥ ይቆለፋል? ይህ በተለይ ብቻቸውን ለመጡ ሴቶች በይሉኝታ የሚታለፍ ጥያቄ አይደለም። ክፍሉን በዓይኑ ሳያይ፣ ባለቤቱንም ሳያገኝ «ቀብድ ላክ» ለሚል ሰው ገንዘብ አይላክ።

በመጨረሻም ፖስታ ቤት አለ። ለስደተኛ የሚመጣ ደብዳቤ የመብራት ሒሳብ ብቻ አይደለም፤ የቀጠሮ ቀን፣ የአሻራ ጥሪ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሊሆን ይችላል። በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ቀጠሮው ያልቀረበ ሰው በሌለበት ከአገር እንዲወጣ ሊፈረድበት ይችላል። ስለዚህ የደብዳቤ ሳጥኑን ማን እንደሚከፍትና የደባሉ ደብዳቤ የት እንደሚቀመጥ በመጀመሪያው ቀን ይወሰን። ደባሉ ሲለቅም ዜጋ ካልሆነ አዲሱን አድራሻ በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት፣ ጉዳዩ በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ከሆነ ደግሞ በ5 ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤቱ ማስታወቅ አለበት። ፖስታ ቤት «ወደ አዲሱ አድራሻ ላክልኝ» የሚለውን ጥያቄ ቢቀበልም የኢሚግሬሽን ደብዳቤዎች ብዙ ጊዜ ወደ ላኪያቸው ይመለሳሉ። ባለቤቱም ከተጣሉ በኋላ እንኳ የደባሉን ስልክ ቁጥር ከሳጥኑ አጠገብ ለጥፎ ያቆየው፤ ደብዳቤው ሲመጣ ይደወልለት።