የአንድ ብሩ ፏፏቴና የአማተሩ ካሜራ

በአገራችን ብዙ ሰው ያየው የመልክዓ ምድር ምስል የትኛው ነው ብትባሉ ምን ትመልሳላችሁ? ሙዚየም መሄድ አያስፈልግም። ከ1969 ዓ.ም ጀምሮ በእጃችን ሲዘዋወር የኖረውን የአንድ ብር ኖት ጀርባ አስታውሱት። ጢስ ዓባይ ነው። በታክሲ ረዳት ጣቶች መካከል ታጥፎ፣ በእናቶች መቀነት ተቋጥሮ፣ ላቡና ቅባቱ እስኪያደበዝዘው ድረስ ከኪስ ወደ ኪስ ሲወርድ የኖረ ፏፏቴ ነው።

ኖቱ በሳንቲም ተተክቶ ከእጃችን ጠፋ። ፏፏቴውም ቢሆን እንደ ድሮው አይደለም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሥራ ሲጀምር አብዛኛው ውኃ ወደ ተርባይኑ ዞረ። በ2002 ዓ.ም ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ ውኃውን በቀጥታ ከሐይቁ መውሰድ ጀመረ። ዛሬም ክረምቱ ሲያበቃ የሄደ ሰው ግርማውን ያገኘዋል፤ በበጋ የሄደ ግን ብዙ ጊዜ የሚያየው ባዶ ጥቁር ገደልና በአንድ ጥግ የሚወርድ ቀጭን ውኃ ነው። መብራቱን የሚጠላ የለም። ነገር ግን በ1980ዎቹ በአንድ የጥር ቀን እዚያ ቆሞ ካሜራውን የተጫነ ሰው፣ ዛሬ ማንም በገንዘብ የማይገዛው ነገር በመሳቢያው ውስጥ አለ።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ያ ሰው ነው። «አማተር» ሲባል ለብዙዎቻችን ያልበሰለ፣ ገና የሚለማመድ ማለት ይመስለናል። ቃሉ ግን እንጀራው ያልሆነውን ሥራ ወዶ የሚሠራ ሰው ማለት ነው። ሠርግ የሚያነሳው ባለሙያ ማክሰኞ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስቶ ተራራ አይወጣም፤ ማን ይከፍለዋል? ተራራውን የሚወጣው የባንክ ሠራተኛው፣ አስተማሪው፣ ሾፌሩ ነው፤ ያውም ከተሳካለት በወር አንድ ቀን።

የቤታችሁን አልበም ግለጡት። ክርስትና፣ ምረቃ፣ ሠርግ፣ ልቅሶ። ሰው የሌለበት ፎቶ አታገኙም። መልክዓ ምድር ካለም የፎቶ ቤቱ መጋረጃ ላይ የተሳለው ነው፤ የማናውቀው አገር ሐይቅ፣ ነጫጭ ዳክዬዎችና የጥድ ዛፍ። እኔ በፊልሙ ዘመን ሠላሳ ስድስቱን ጨርሼ፣ አሳጥቤ ወደ ቤት ስመለስ እናቴ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ካገላበጠች በኋላ የምትጠይቀኝ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነበር፤ «አንተ የታለህ?» በገደልና በደመና ላይ ገንዘብ መጨረሴ አይገባትም ነበር። እውነት ለመናገር ለእኔም የገባኝ ቆይቶ ነው።

ወደ ሥራው እንግባ። በመልክዓ ምድር ፎቶ ዋናው ጉዳይ ካሜራው ሳይሆን ሰዓቱ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ዘጠኝ ዲግሪ ላይ ናት። በዚህ ቦታ ፀሐይ የምትወጣውም የምትጠልቀውም ቀጥ ብላ ነው ማለት ይቻላል። ከአድማስ ብቅ ካለች በኋላ ስድስት ዲግሪ ከፍ እስክትል ሃያ አምስት ደቂቃ ገደማ ብቻ ይፈጅባታል። ያ ወርቃማ የሚባለው ለስላሳ ብርሃን እንግዲህ በእኛ አገር ግማሽ ሰዓት እንኳን አይሞላም። በሰሜን አውሮፓ ፀሐይ አግድም ስለምትጓዝ ፎቶ አንሺው ሻይ ጠጥቶ ሊመለስ ይችላል፤ እዚህ ግን ጫማውን ሲያስር ሊያመልጠው ነው። ስለዚህ ቦታውን ከዋዜማው አይቶ፣ የት እንደሚቆም ወስኖ፣ በጨለማ መድረስ ግድ ነው።

ቀን ስድስት ሰዓት ላይስ? ሚያዝያ መጀመሪያና ነሐሴ መጨረሻ ግድም ፀሐይ በአናታችን ትክክል ስለምታልፍ ጥላችን እግራችን ሥር ይገባል። ጥላ ከሌለ ደግሞ ፎቶ ውስጥ ጥልቀት የለም። ዓይናችን ሁለት በመሆኑ ገደሉን ገደል አድርጎ ያያል፤ ካሜራው ግን አንድ ዓይና ነው። ወርዱንና ጥልቀቱን የሚያውቀው አንዱ ወገን በርቶ ሌላው ሲጠቁር ብቻ ነው። በደብረ ሊባኖስ አፋፍ ላይ ቆመው ሸለቆውን በምሳ ሰዓት አንስተው «ፎቶው እንዳየሁት አልሆነም» የሚሉ ሰዎች ችግራቸው ይኸው ነው። በዚያ ላይ ሰፊ ሌንስ ይጠቀማሉ። ሰፊ ሌንስ ሩቁን ያርቃል፣ ትልቁን ገደል ቦይ ያስመስለዋል። ለእንዲህ ያለው ቦታ ረዘም ያለ ሌንስ ይዞ አንዱን ግድግዳ መርጦ፣ ከሥሩ ያለችውን ጎጆ ወይም መንገድ ላይ ያለ አህያ ማስገባት ይሻላል። ያኔ ተመልካቹ ትልቅነቱን በአህያዋ ይለካዋል።

ወራቱም እንደ ሰዓቱ ናቸው። መስከረምና ጥቅምት ዝናቡ አየሩን አጥቦት፣ አደይ አበባው ወጥቶ፣ ደመናው ገና ሳይበተን ነው። ከእንጦጦ ዝቋላ ጥርት ብሎ የሚታየው በእነዚህ ማለዳዎች ነው። ጥርና የካቲት ላይ አቧራውና ጭሱ አድማሱን ግራጫ ያደርጉታል። ፖላራይዘር የሚባለው ማጣሪያ ሰማዩን ያጠቁራል፣ የቅጠልና የውኃ ነጸብራቅ ይቀንሳል፤ አቧራውን ግን አይጠርግም። እንዲህ ባለው ወር ሩቁን ትቶ ቅርቡን ማንሳት፣ ወይም ተራሮቹ አንዱ ከሌላው ኋላ እየደበዘዙ የሚደረደሩበትን ጉም ራሱን ርዕስ ማድረግ ነው።

ስለ መሣሪያ ብዙ አልልም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ አዲስ ሌንስ የሚገዛ አማተር ካለ ደስታውን እንካፈላለን። ለመጀመር ያለው ካሜራ ወይም ስልክ ይበቃል። በገንዘብ አንድ ነገር ግዙ ካላችሁኝ የማይወዛወዝ ትራይፖድ በሉ። ማለዳ ብርሃኑ ትንሽ ስለሆነ ሹተሩ ለረጅም ጊዜ ይከፈታል፤ እጅ ያንን አይችልም። የሌንሱን ቀዳዳ ስምንት ወይም አሥራ አንድ ላይ፣ አይ ኤስ ኦውን መቶ ላይ አድርጎ፣ ጣት እንዳያነቃንቀው በሁለት ሰከንድ ማዘግያ መልቀቅ ነው። በስልክ የምታነሱ ከሆነ ሰማዩን በጣታችሁ ነክታችሁ ብርሃኑን ቀንሱት። ነጭ ሆኖ የተቃጠለ ሰማይ በኋላ አይመለስም፤ ጨለማው ግን በተወሰነ ደረጃ ይከፈታል።

ከብርሃን ይልቅ አማተሩን የሚያስቸግረው ሰው ነው። ድልድይ፣ ግድብ፣ ካምፕና አንቴና ባለበት ካሜራ ማውጣት ራስን ለጥያቄ ማቅረብ ነው። ድሮንማ ያለ ፈቃድ ማስገባትም ማብረርም ክልክል ነው። እኔን አንድ ጊዜ አንድ ጥበቃ ባዶ ኮረብታ ላይ አስቆሙኝና «ምን አይተህ ነው?» አሉኝ። ደመናውን አሳየኋቸው። ደመናውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ «ይኼ ምን አለው?» አሉ። ቦርሳዬ ተፈትሾ ተለቀቅሁ፤ ብርሃኑ ግን ሄዷል። ገጠር ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው። እኛ «መልክዓ ምድር» የምንለው ለባለቤቱ እርሻው ነው። «እንደምን አደሩ አባቴ» ሳይሉ ትራይፖድ መትከል፣ ገና የበቀለ ጤፍ ላይ ቆሞ ተራራ ማነጣጠር ነውር ነው። በዚህ ላይ ያለፉት ዓመታት ግጭት ስሜንንና ሌሎችንም ብዙ ቦታዎች ለአማተሩ አርቋቸዋል። ምርጫው በቅርብ ያለውን ማየት ነው፤ የቢሾፍቱን ሐይቆች፣ ወንጪን፣ መናገሻን፣ እንጦጦን።

በቅርብ ያለው ደግሞ ዋጋው ኋላ ነው የሚታወቀው። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር አፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ወደ መቅደላ ሲዘምት ፎቶ አንሺ መሐንዲሶች አብረው ነበሩ። ዋና ሥራቸው ካርታና ንድፍ ማባዛት ቢሆንም በመንገዳቸው ላይ ያለውን ሸለቆና ተራራም አነሱ። ከ140 ዓመት በኋላ ያን ኒሰን የሚባሉ ቤልጅየማዊ የጂኦግራፊ ምሁርና ባልደረቦቻቸው እነዚያን ፎቶዎች ይዘው ሰሜን ኢትዮጵያ ውስጥ ፎቶ አንሺዎቹ የቆሙበትን ቦታ ፈልገው፣ በዚያው አቅጣጫ እንደገና አነሱ። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ውጤት ብዙዎችን አስገርሟል። ከዱሮው ጀምሮ ደኑ እየጠፋ ብቻ መጣ ሲባል የኖረበት አገር፣ በፎቶ ሲታይ ያኔም የተራቆተ ነበር፤ በኋለኛው ጊዜ ግን ባሕር ዛፉን ጨምሮ የዛፍና የቁጥቋጦው ሽፋን ተሻሽሎ ተገኘ። ከጦርነቱ ወዲህስ ምን ይመስላል? ያን ለማወቅ ሌላ ካሜራ እዚያው ቦታ መቆም አለበት።

ሐሮማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ደርቆ ከብት ሲግጥበት፣ በቅርብ ዓመታት ደግሞ ውኃው ሲመለስ ዳሩ ላይ ያደጉ ሰዎች አይተዋል። አብያታ እየሸሸ ነው። ስንቶቻችን ነን ቀን የተጻፈበት ፎቶ ያለን? ቀኑና ቦታው ያልታወቀ ፎቶ እንደ ማስረጃ ግማሽ ሞቷል። ስለዚህ የት ቆማችሁ፣ ወደየት ዞራችሁ፣ በስንት ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ መቼ እንዳነሳችሁ ጻፉ። ፋይሉን ሁለት ቦታ አስቀምጡ። የእኔ የስድስት ዓመት ሥራ የወደቀች አንዲት ሀርድ ዲስክ ውስጥ ቀርቷል፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ኔጋቲቮች ግን በጫማ ካርቶን ውስጥ እስካሁን ደህና ናቸው።

ከዚያ ወዲህ እንጦጦ ላይ ድንጋይ መርጫለሁ። በየዓመቱ በመስከረም ሦስተኛው እሑድ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በዚያው ሌንስ፣ ከዚያችው ድንጋይ ላይ ቆሜ ወደ ደቡብ አነሳለሁ። መጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ላይ ከባሕር ዛፉ በላይ የሚታየው ከተማ ዝቅ ያለና ቆርቆሮ የበዛበት ነው። እየቆየ ክሬኑ በረከተ፤ ከ2014 ዓ.ም ወዲህ የንግድ ባንክ ሕንፃ መሐሉ ላይ ቆሟል። ዝቋላ የታየው በአራቱ ላይ ብቻ ነው። ባለፈው መስከረም ስደርስ ድንጋዩ የለም፤ ለመንገድ ሥራ ይሁን ለቤት መሠረት ተነስቷል። በነበረበት ጉድጓድ ውስጥ ትራይፖዱን ተከልኩና አነሳሁ።