ከኮሶዬ ኩርባ ማዶ የሚመጣው አይሱዙ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወጣው መንገድ ኮሶዬ ሲደርስ በአንድ ወገኑ ገደል ይይዛል። ቆላው ከታች ተዘርግቶ ይታያል፤ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ከመንገዱ ዳር ሣር ይነጫሉ፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጉሙ ወርዶ አስፋልቱን ይሸፍነዋል። መንገዱ ከዚያ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አልፎ ደባርቅ ይገባል። ከደባርቅ ወዲያ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ከተራራው ጎን ፈልፍለው ያወረዱት ሊማሊሞ አለ። የወገራን ነጭ ሽንኩርትና ገብስ የጫነ አይሱዙ፣ ሲሚንቶ የተሸከመ ሲኖትራክ፣ ሰው የሞላ ሃይሩፍ፣ ጋሪና የበግ መንጋ፣ ሁሉም የሚተላለፉት በዚሁ ጠባብ አስፋልት ላይ ነው። በመካከላቸው ትንሿ መኪና አለች። ለሠርግ፣ ለንግሥ ወይም ለለቅሶ ቤተሰብ ይዛ የወጣች ቪትዝ ልትሆን ትችላለች፤ አዲስ ዲዛየር ልትሆን ትችላለች፤ ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ በኤሌክትሪክ የምትሄድ የቻይና መኪና።

ይህች መኪና ብትጋጭ የተሳፈሩባት ሰዎች ይተርፋሉ ወይ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን የሚወሰነው በመኪናዋ ብቻ አይደለም።

በየጋራዡ የሚሰማ አንድ አባባል አለ፦ የድሮ መኪና ብረት ነው፣ የዛሬው ቆርቆሮ ነው። ላሜራ ሠራተኞች ይሉታል፣ አዛውንት ሹፌሮችም ይሉታል። የዛሬ መኪና ኮፈን በትንሽ ግጭት ሲጨማደድ ላየ ሰው አባባሉ እውነት ይመስላል። እ.ኤ.አ በ2009 በአሜሪካ በመድን ኩባንያዎች የሚደገፈው የአውራ ጎዳና ደህንነት ኢንስቲትዩት 50ኛ ዓመቱን ሲያከብር ይህንኑ እምነት በተግባር ፈተነው። የ1959 ሞዴል ሼቭሮሌት ቤል ኤርን ከ2009 ሞዴል ሼቭሮሌት ማሊቡ ጋር ፊት ለፊት አጋጨ። ያ ግዙፍ የድሮ መኪና ከነክብሩ ተደረመሰ፤ መሪው ወደ ሹፌሩ ደረት ገባ፤ ሰው ቢሆን ኖሮ በሕይወት አይተርፍም ነበር። በአዲሱ ማሊቡ ውስጥ የተቀመጠው የመፈተሻ አሻንጉሊት ያሳየው ጉዳት እግር ላይ ያለ ቀላል ጉዳት ብቻ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። የዛሬ መኪና አፍንጫ እንዲጨማደድ ተብሎ የተሠራ ነው። ከማማ ላይ የወደቀ ልጅ በገብስ ጭድ ክምር ላይ ሲያርፍና በደረቅ አውድማ ላይ ሲያርፍ ያለው ልዩነት እዚህም አለ፤ ሰውነቱ የሚቆምበት ጊዜ በረዘመ መጠን ምቱ ይለዝባል። ኮፈኑ ሲታጠፍ ጊዜ ይገዛል። ሰዎቹ የተቀመጡበት ክፍል ግን በጠንካራ ብረት የታሰረ ስለሆነ መታጠፍ የለበትም። ቀበቶው ሰውን ከመቀመጫው ጋር ያስረዋል፤ ኤርባጉ ጭንቅላትና ደረትን ይቀበላል። አንዱ ከጎደለ የቀሩት ሥራቸውን በሚገባ አይሠሩም።

ይህ ዕውቀት በትናንሽ መኪኖች ላይ ከመለመዱ በፊት በትንሽ መኪና መገልበጥ ምን ማለት እንደነበር ኢትዮጵያውያን በአንድ ታላቅ ሰው አካል አይተናል። አበበ ቢቂላ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ከአፄ ኃይለ ሥላሴ በተሰጠው ቮልስ እየተጓዘ ሳለ መኪናው ተገልብጦ አከርካሪው ተጎዳ። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል ታከመ፤ ከወገቡ በታች ግን ዳግም አልተንቀሳቀሰም። ያ ቮልስ የነዳጅ ታንኩ ከፊት ኮፈኑ ሥር፣ ሞተሩ ከኋላ ነበር፤ ኤርባግ የሚባል ነገር አልነበረውም። በሮምና በቶኪዮ ዓለምን ያስደነቁ እግሮች በአንድ ምሽት ቆሙ፤ አበበ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. አረፈ። ስለ ትንሽ መኪና ባሰብሁ ቁጥር መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ እሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል። የአውሮፓ የአዲስ መኪኖች ምዘና ፕሮግራም፣ ዩሮ ኤንካፕ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ በ1997 የመጀመሪያ ውጤቶቹን ሲያወጣ የጀመረው ከትናንሾቹ ነበር። አንድ ኮከብ ብቻ ያገኘችው ሮቨር 100 ብዙም ሳትቆይ ከምርት ወጣች። እኛ ቪትዝ የምንላት፣ በአውሮፓ ያሪስ የተባለችው ቶዮታ የመጀመሪያው ትውልዷ አራት ኮከብ አገኘ፤ ሁለተኛው ትውልድ እ.ኤ.አ በ2005 አምስት። ፈተናው በየጊዜው እየከበደ ስለሄደ የያኔው አምስት ኮከብ ከዛሬው አምስት ጋር አይተካከልም። ቢሆንም ያቺ ዳቦ የምታክል መኪና ሰው የሚያተርፍ አካል እንዳላት ተመስክሮላታል።

የሱዙኪ ዲዛየር ታሪክ የበለጠ ያስተምራል። ዲዛየርና እህቷ ስዊፍት በአንድ መሠረት ላይ የቆሙ ናቸው። ግሎባል ኤንካፕ የሚባለው ዓለም አቀፍ መዛኝ እ.ኤ.አ በ2014 ለሕንድ ገበያ የተሠራችውን ያለ ኤርባግ የምትሸጥ ስዊፍት በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር አጋጭቶ ዜሮ ኮከብ ሰጣት። እ.ኤ.አ በ2018 የተፈተነችው አዲሷ ስዊፍት ሁለት ኮከብ አገኘች። እ.ኤ.አ በ2021 የላቲን አሜሪካው ምዘና እንደገና ዜሮ ሰጣት፤ ጭንቅላትን ከጎን ምት የሚከላከል ኤርባግና መንሸራተትን የሚቆጣጠር ሥርዓት ከመኪናዋ ጋር በግዴታ አይመጡም ነበርና። ከዚያ እ.ኤ.አ በኅዳር 2024 አዲሷ ዲዛየር ስድስት ኤርባግ ይዛ ቀረበችና ከግሎባል ኤንካፕ አምስት ኮከብ አገኘች። አምራቹ ያው ነው፣ አገሩ ያው ሕንድ ነው፣ የመኪናዋም ልክ ከበፊቱ ብዙም አልራቀም። ትንሽ መኪና ደካማ የምትሆነው በተፈጥሮዋ ነው የሚለውን ወሬ ይህ ታሪክ ያፈርሰዋል። ገዢና መንግሥት ሲጠይቁ ፋብሪካው ይችላል።

እንግዲህ ወደ ኮሶዬ እንመለስ፤ እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው።

እስካሁን ያነሳኋቸው ኮከብ የሰጡ የፊት ለፊት ፈተናዎች መኪናዋን ያጋጩት ከግንብ መሰል ማገጃ ጋር ነው፤ ይህም የራሷን ክብደት ከሚያክል መኪና ጋር እንደመጋጨት ይቆጠራል። ቅድም ያነሳሁት የአሜሪካ ተቋም በዚያው በ2009 ያሪስን ከራሷ ፋብሪካ ከወጣችው ከቶዮታ ካምሪ ጋር አጋጨ። ያሪስ በማገጃው ፈተና ጥሩ የተባለች ነበረች። ካምሪ ስትገጥማት ግን በሯ ተገንጥሎ ሊወድቅ ደረሰ፣ መሪዋ ከቦታው ተገፋ፣ ውጤቷም ከደረጃዎቹ ሁሉ ዝቅተኛው ሆነ። ካምሪ የቤት መኪና ናት። አይሱዙ ደግሞ የጭነት መኪና ነው።

ሒሳቡን ማንም ሊሠራው ይችላል። 1,000 ኪሎ የምትመዝን መኪና በ60 ስትሄድ፣ ከነጭነቱ 7,000 ኪሎ የሚሆን አይሱዙ በ60 መጥቶ ፊት ለፊት ቢገጥማት፣ ተያይዘው የሚሄዱት አይሱዙው ወደሚሄድበት አቅጣጫ በ45 ነው። የአይሱዙው ሹፌር ፍጥነቱ በ15 ብቻ ቀነሰ። የመኪናዋ ሰዎች ግን ወደፊት 60 ሲሄዱ ከነበረበት ወደኋላ 45 ተወረወሩ፤ በቅጽበት የ105 ለውጥ ማለት ነው። ከነጭነቱ 30,000 ኪሎ የሚሆን ሲኖትራክ ከሆነ ለውጡ 116 ይደርሳል። የመኪናዋ አካል የተመሰከረለት በ64 ነው። ሕዝቡ ሲኖትራክን ቀይ ሽብር ብሎ የሰየመው ይህን ሒሳብ በመንገድ ላይ ስላየው ነው።

ከክብደት የባሰ ሌላም ነገር አለ፤ ቁመት። የትንሿ መኪና የሚጨማደድ አፍንጫ ዝቅ ያለ ነው፤ የጭነት መኪናው ሻንሲና የጭነት አልጋው ከፍ ያለ ነው። መኪናዋ ከኋላ ስትመታው ኮፈኑ ከሥሩ ያልፋል፤ ብረቱን በመጀመሪያ የሚያገኘው የፊት መስታወቱ ነው፣ ከመስታወቱ ኋላ ያለው ሰው ነው። ጊዜ የሚገዛው ክፍል ምንም ሳይነካ ይቀራል። በጉም ውስጥ መብራቱ የጠፋ አይሱዙ ዳገቱ ላይ ቆሞ ቢገኝ አምስት ኮከብም ቢሆን የሚፈይደው ጥቂት ነው። ወደ ጎንደር በሚወርደው ቁልቁለት ደግሞ ፍሬኑ ግሎ እምቢ ያለው ከባድ መኪና ከፊቱ ያለውን አይመርጥም።

እስካሁን የተናገርሁት ከፋብሪካ እንደወጣች ስላለች መኪና ነው። በአገራችን መንገድ ላይ ያሉ ብዙ ትናንሽ መኪኖች ግን ሌላ ታሪክ አላቸው። አንዳንዶቹ ከጃፓን መሪያቸው በቀኝ ሆኖ ተገዝተው፣ መሪው ወደ ግራ ተዛውሮ የገቡ ናቸው፤ መሪ ሲዛወር የሹፌሩ ኤርባግና ሽቦዎቹ ምን እንደደረሰባቸው ሻጩ አይናገርም። ሌሎቹ አንድ ጊዜ ተጋጭተው የታደሱ ናቸው። በያጁ የተጣመመውን አቃንቶ ይበይዳል፤ ስቱኮ ይለጠፋል፣ ቀለም ይቀባል፣ መኪናዋ አዲስ ትመስላለች። በፋብሪካ ልዩ ጥንካሬ የተሰጠው ብረት ግን በእሳት ሲግል ያን ጥንካሬ ያጣል። የፈነዳ ኤርባግ ለመተካት ውድ ስለሆነ ክዳኑ ብቻ ተገጥሞ ባዶውን የሚቀመጥበት ጊዜ አለ። ቪትዝ የሚገዛ ሰው ቁልፉን ሲያዞር ዳሽቦርዱ ላይ የኤርባጉ ቀይ ምልክት በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋቱን ይይ። ጭራሽ ካልበራ ወይም በርቶ ከቀረ አንድ ነገር ተነካክቷል።

የታካታ ነገርም አለ። የጃፓኑ የታካታ ኩባንያ የሠራቸው ኤርባጎች በሙቀትና በእርጥበት ብዛት ባሩዳቸው እየተበላሸ፣ ሲፈነዱ ብረት እየረጩ ሰው ገድለዋል። ቶዮታ እ.ኤ.አ በ2015 ወደ ጋራዥ ከጠራቸው ሚሊዮኖች መካከል ቪትዝና ያሪስ ነበሩበት። ሦስት አገር ዞራ በሦስተኛ ባለቤት እጅ ደባርቅ የደረሰች ቪትዝ ጋር ያ ጥሪ እንዴት ይደርሳል? የሻንሲ ቁጥሩን ከጥሪው ዝርዝር ጋር ማመሳከር ለአንድ መሥሪያ ቤት የከበደ ሥራ አይደለም፤ መኪናዋ ስትመዘገብ ወይም ዓመታዊ ምርመራ ስትመጣ ሊደረግ ይችላል።

ሕጋችን መኪናን የሚመዝንበት ሚዛን ላይ ቅሬታ አለኝ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 እስከ 1,300 ሲሲ በሆነ አዲስ መኪና ላይ 5 በመቶ ሲጥል፣ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገለ መኪና ላይ ታክሱን እስከ 500 በመቶ አድርሶታል። 1,197 ሲሲ የሆነችው ዲዛየር በራይድና በመሰል የታክሲ አገልግሎቶች የበዛችው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። አዋጁ ያረጀ መኪና እንዳይጎርፍ ማሰቡ መልካም ነው፤ ያረጀ ፍሬንና የዛገ አካል ሰው ይገድላል። ነገር ግን ታክሱ የሚቆጥረው ሲሲና ዕድሜ ነው። ኤርባግ አይቆጥርም፣ የግጭት ውጤት አይጠይቅም። ስለዚህ የነዳጅ መኪና ይገባ በነበረበት ጊዜ ዜሮ ኮከብ ያላት አዲስ መኪና በ5 በመቶ ስትገባ፣ አምስት ኮከብ የነበራት ያገለገለች መኪና በር ላይ ትቀር ነበር። ለአዲስ መኪና ሁለት ተመን አውጥቶ ስድስት ኤርባግ ያላትን ማበረታታት ለግምጃ ቤቱ ያን ያህል ኪሳራ አይሆንም።

በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ መንግሥት ሲወስን ደህንነትን የመመዘን ዕድል እንደገና መጥቶ ነበር። አሁን የሚገቡት ትናንሽ ኤሌክትሪክ መኪኖች በባትሪያቸው ምክንያት ከቪትዝ ከበድ ይላሉ፤ ከሌላ የቤት መኪና ጋር ሲጋጩ ይህ ይረዳቸዋል፤ ከአይሱዙ ጋር ግን እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ የለውም። በቻይና ሲጋል የምትባለው ቢዋይዲ፣ ዶልፊን ሰርፍ በሚል ስም ለአውሮፓ ተሰናድታ እ.ኤ.አ በ2025 ዩሮ ኤንካፕ አምስት ኮከብ ሰጥቷታል። የተፈተነችው ግን ለአውሮፓ የተሠራችው ናት። ለቻይና ገበያ ተሠርታ በግል አስመጪ የመጣችው ስንት ኤርባግ እንዳላት ገዢው በየመቀመጫውና በየምሰሶው ያለውን ጽሑፍ አይቶ ይቁጠር።

ስለ ቀበቶ ረጅም መናገር አያሻም፤ ግን ጋቢና ላይ ሕፃን ታቅፎ መቀመጥ ያስፈራኛል። በ50 የምትሄድ መኪና በሰከንድ አንድ አሥረኛ ብትቆም 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በእናቱ ክንድ ላይ 140 ኪሎ ይሆናል። ያን የሚይዝ ክንድ የለም፤ ከፊት ያለው ኤርባግም ለልጅ አልተሠራም። ልጅ ከኋላ፣ ለልኩ በተሠራ መቀመጫ ላይ፣ ታስሮ ይቀመጥ። ለሦስት ሰው የተሠራ የኋላ ወንበር ላይ አራት ሰው ሲጫን ደግሞ ቢያንስ አንዱ ያለ ቀበቶ ቀረ ማለት ነው፤ ያ ሰው በግጭት ጊዜ ከፊቱ ያለውን ሰው ሊገድል ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2018 ባወጣው ሪፖርት ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ ለ2016 ያሳወቀችው የመንገድ ሞት 4,352 ሲሆን፣ ድርጅቱ የገመተው 27,326 ነው። ከእነዚህ ሟቾች ብዙዎቹ በመኪና ውስጥ እንኳ አልነበሩም፤ እግረኞች ናቸው። ይህን የምለው የመኪናን ጥንካሬ ብቻ መጠየቅ የመንገዱን ግማሽ መርሳት ስለሆነ ነው።

ስለዚህ ከገዢው ይልቅ አብዝቼ የምጠይቀው የከባድ መኪናውን ባለቤትና የመንገዱን ባለቤት ነው። ትንሽ መኪና የሚገዛ ሰው አቅሙ የፈቀደውን ነው የሚገዛው፤ ቪትዝዋን ጥሎ ላንድክሩዘር ይግዛ ማለት ምክር አይደለም። የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር በኮሶዬ ገደል ዳር በየኩርባው የብረት መከላከያ ሊያቆም ይችላል። ለኋላ መብራት፣ ለአንጸባራቂና ለፍሬን የሚደረገው ምርመራ ቦሎ ከመለጠፍ ያለፈ ሊሆን ይችላል። ትንሽ መኪና ከጭነት መኪና ሥር እንዳትገባ የሚያግደው የኋላ ብረት ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ረቂቅ ነገር አይደለም፤ ጎንደር ያለ ጎበዝ በያጅ ከሻንሲው ጋር አጥብቆ ሊሠራው የሚችል አግዳሚ ብረት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 58 ይህ ብረት ባዶ መኪና ላይ ከመሬት ከ55 ሳንቲ ሜትር በላይ ከፍ እንዳይል ያዛል። ለመርማሪው የሚያስፈልገው አንድ መለኪያ ሜትር ነው፤ ልኩን ያላሟላ አይሱዙ ቦሎውን ሳይወስድ ወደ በያጁ ይመለስ።