ስልኩ «ተገናኝቷል» እያለ ዝም ሲል

ለሥራ ቤሩት የሄደች ልጅዎ እሑድ በዕረፍቷ በምስል ልታነጋግርዎ ቀጠሮ ይዛ ሳለ፣ ስልክዎ ከዋይፋዩ ጋር «ተገናኝቷል» እያለ ጥሪው አልገባ ቢል ምን ያደርጋሉ?

በመጀመሪያ በዚያው ዋይፋይ ሌላ ስልክ ይሞክሩ። ያም እምቢ ካለ ጉድለቱ የራውተሩ ወይም የመስመሩ ነው፤ ራውተሩን ነቅለው ጥቂት ቆይተው ይሰኩት።

የእርስዎ ብቻ ከሆነ ቀኑን ይመርምሩ። ቀኑን በእጃችን ስንሞላ ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር የምናስገባ እናቶች አለን፤ ልጆች ይሳቁብን! መስከረም 2018 ዓ.ም. በስልኩ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 2025 ነው። ሰባት ዓመት ወደ ኋላ የቀረ ስልክ የኢንተርኔቱን የደኅንነት ማረጋገጫ «ጊዜው ገና ነው» ብሎ ስለማይቀበል አይገናኝም። የፈረንጁን ዓመት ያስገቡለት።

ይህም ካልረዳ የዋይፋዩን ስም ከስልኩ አጥፍተው የይለፍ ቃሉን ትልቅና ትንሽ ፊደሉን ለይተው እንደገና ይጻፉ።