ወንጌል ወግ አጥባቂ ነው ወይስ ሊበራል?

በአሜሪካ ምርጫ በተቃረበ ቁጥር አንድ የቆየ ክርክር ይቀሰቀሳል፤ የክርስቶስ ትምህርት ለወግ አጥባቂዎች ያደላል ወይስ ለሊበራሎች? ከነጭ ወንጌላውያን የሚበዙት ለሪፐብሊካን ፓርቲ፣ ከጥቁር ፕሮቴስታንቶች የሚበዙት ደግሞ ለዴሞክራቶች ድምፅ ይሰጣሉ። የሁለቱም መጽሐፍ ቅዱስ ግን አንድ ነው።

ይህ አሰላለፍ ከጥንት የወረደ አይደለም። ዊሊያም ጄኒንግስ ብራያን በ1896፣ በ1900 እና በ1908 እ.ኤ.አ. የዴሞክራቶች ፕሬዚዳንታዊ ዕጩ ነበር። ለገበሬውና ለሠራተኛው ተከራክሯል፤ የትልልቅ ባለሀብቶችን ጉልበት ተቃውሟል። በ1925 ደግሞ ቴነሲ ውስጥ አንድ መምህር ዝግመተ ለውጥን በማስተማሩ በተከሰሰበት በስኮፕስ ችሎት ቆሞ ትምህርቱን በመቃወም ተሟግቷል። በዛሬ ሚዛን ሁለት የማይገጥሙ ሰዎች ይመስላል፤ ለእርሱ ግን ሁሉም የአንድ እምነት ፍሬ ነበር።

አብያተ ክርስቲያናትም አቋም ቀይረዋል። የደቡብ ባፕቲስት ጉባኤ በ1971 ባወጣው ውሳኔ ጽንስ ማቋረጥ በአስገድዶ መድፈርና በመሰል ምክንያቶች በሕግ እንዲፈቀድ ጠይቆ ነበር፤ በኋላ ዋነኛ ተቃዋሚ ሆነ። ሰባኪው ጄሪ ፎልዌል በ1965 የሃይማኖት አባቶች በሲቪል መብት ሰልፎች መካፈላቸውን ነቀፈ፤ በ1979 ግን ሞራል ማጆሪቲ የተባለውን የፖለቲካ ድርጅት መሠረተ። ድርጅቱ በ1980 ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ሮናልድ ሬገንን ደግፎ የተሰለፈው የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር በነበረው ባፕቲስት፣ በጂሚ ካርተር ላይ ነው። በእነዚህ ዓመታት የተለወጠው ወንጌሉ ሳይሆን የፖለቲካው ካርታ ነበር።

ወንጌሉን ራሱን ብንጠይቅ ለሁለቱም ወገን አይመችም። ኢየሱስ ስለ ትዳር ጽናት ያስተማረው ሊበራሉን ይከብደዋል፤ የተራበውንና እንግዳውን ስለ መቀበል የተናገረው ደግሞ ወግ አጥባቂውን ይፈትነዋል። የካቶሊክ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 13ኛ በ1891 ባወጡት ጳጳሳዊ መልእክት የግል ንብረትን መብት አስከብረው ሶሻሊዝምን አወገዙ፤ በዚያው መልእክት ለሠራተኛው ተገቢ ደመወዝና የመደራጀት መብት ጠየቁ። በ1933 በኒውዮርክ የካቶሊክ ሠራተኛ ንቅናቄን ከመሠረቱት አንዷ የነበረችው ዶሮቲ ዴይ ድሆችን አብልታለች፣ ጦርነትን ተቃውማለች፤ ጽንስ ማቋረጥንም አጥብቃ ተቃውማለች። ካርዲናል ጆሴፍ በርናርዲን በ1983 ከጽንስ እስከ ሞት ፍርድና እስከ ኒውክሌር ጦርነት ያለው የሕይወት ጥያቄ አንድ መሆኑን አስተማሩ። ብዙ ፖለቲከኞች ግን የሚመቻቸውን ግማሽ ብቻ ይዘው ሄዱ።

በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ምእመናንም ይህን ውጥረት ያውቁታል። ስለ ቤተሰብ ሲነሣ ልባቸው ወደ አንዱ፣ ስለ ስደተኛ ሲነሣ ወደ ሌላው ይሳባል። ይህ የአቋም መዋዠቅ አይደለም፤ ትምህርቱን በሙሉ የመያዝ ዋጋ ነው።

ክርስቲያን ድምፅ ይስጥ፣ ፓርቲም ይምረጥ፤ ፖለቲካን መሸሽ ጎረቤትን መሸሽ ነው። ነገር ግን ፓርቲው በድሃው፣ በስደተኛው ወይም በጽንሱ ላይ ሲበድል ዝም የሚል ከሆነ እምነቱ ለፓርቲው ተገዝቷል። አንባቢ ሆይ፣ ከተቃዋሚህ በፊት የራስህን ወገን በወንጌል መዝን።